ከአንድ ቀጥሎ ስድሳ አንድ

ዶክተር አምባዬ ባሕር ማዶ፣ ስኮትዴል ከተማ ባለው ቤታቸው፣ ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር ሞተው የተገኙት ሰኞ ጠዋት ነው። ያገኛቸው ሾፌራቸውና ረዳታቸው ስለሺ ነበር፤ ጥርጣሬውም በእሱ ላይ ወደቀ። እሑድ ዕለት «ሚስቴንና ልጄን ከኤርፖርት ልቀበል፣ ረቡዕን ይፍቀዱልኝ» ብሎ ሲጨቃጨቃቸው ጎረቤት ሰምቷል። የቤቱም ቁልፍ በእጁ ነው።

ይኸው ረቡዕ ደረሰ። ስድስት ዓመት የጠበቃቸው ሰዎች በአየር ላይ ናቸው፤ እሱ በሟቹ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ካቴና ይጠብቃል። ምነው ያን ቀን አፌን በቆረጠው እያለ ራሱን ይረግማል። ታሰርኩ ማለት እነሱም ከበር ተመለሱ ማለት ነው፤ ሌላ አልታየውም።

መርማሪዋ ፈትያ እዚያው አጠገብ፣ ክላርክስተን ከተማ ያደገች ወጣት ናት። ላም ባልዋለበት ኩበት የምትለቅም ዓይነት አይደለችም።

«ጋሼ ስለሺ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳጥን ምንድን ነው? ሲምፕል አድርገህ ንገረኝ።»

«የታንጉት ካርዶች ናቸው። ታንጉት ቻይና አገር የነበረ፣ ድሮ የሞተ ቋንቋ ነው። አናባቢዎቹ በየዘመኑ እንዴት እንደተለወጡ ነበር የሚያጠኑት። መቶ አምስት የግጥም ቤት አለው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ። ከመውጣቴ በፊት በቁጥራቸው እደረድራለሁ።»

«እሑድስ?»

«ተናድጄም ቢሆን ደርድሬያለሁ።»

ለምርመራው አብሮ የተጠራው የሟቹ የወንድም ልጅ ያቤጽ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሊስን፣ እኔ አጎቴ ምን እንደሚያጠና ኢቭን አላውቅም። እሑድ ዱሉዝ ከተማ የሥራ ሺፍት ላይ ነበርኩ።»

የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ መምህርት የሆነችው ሔለን ግን ቀዝቀዝ ብላ መለሰች። «ከተኳረፍን ዓመት አለፈን። እዚህ ቤት አልመጣሁም፤ ስለ አዲሱ ጥናታቸውም ምንም አልሰማሁም።»

ፈትያ ጓንቷን አጥልቃ ሳጥኑን ከፈተች።

«ካርዶቹ ላይ ደም አለ፤ ሳጥኑ ውስጥ የለም። ስለዚህ ዶክተሩ ሲወድቁ ካርዶቹ ተበትነዋል፣ ከዚያ አንድ ሰው ምንም እንዳልተነካ ለማስመሰል ሰብስቦ መለሳቸው። ጋሼ፣ አንተ ብትሰበስባቸው?»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሌላ አላውቅም።»

«ያቤጽም ከቁጥር ሌላ አያውቅም። እዚህ ግን ከአንድ ቀጥሎ ስድሳ አንድ ነው ያለው። የዶክተሩን አዲስ ጥናት ረቂቅ አነበብኩ። የስድሳ አንደኛው ቤት ጠበቅ ያለ አናባቢ የተወለደው ከአንደኛው ነው፤ ከፊቱ የነበረ ተነባቢ ሲጠፋ ጥብቀቱን ለአናባቢው ትቶ ሄደ። ካርዶቹ በዘራቸው ነው የተደረደሩት፣ እናትና ልጅ ጎን ለጎን። ረቂቁ ደግሞ ለማንም አልተላከም፤ ኢሜላቸውን ቼክ አድርጌያለሁ። ሔለን፣ ምንም ያልሰማ ሰው ይህን ሊያውቅ የሚችለው ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የራሱ ከሆነ ነው።»

«የእኔ ነው!» ሔለን ከመቀመጫዋ ተነሣች። «አሥር ዓመት የለፋሁበት! እሑድ ማታ ስመጣ በራሳቸው ስም ሊያሳትሙት እንደሆነ አፋቸውን ሞልተው ነገሩኝ። ስሜን ብቻ ያስገቡ ብዬ ለመንኳቸው። ሳጥኑን ታቅፈው ወደ ምድር ቤት ሲያመሩ ጎተትኩት… ወደቁ። ካርዶቹን ስለቅም እጄ በምን ተራ እንደሚያስገባቸው እንኳ ልብ አላልኩም።»

ፈትያ ሔለንን እንዲወስዷት በር ላይ ለቆሙት ፖሊሶች ምልክት ሰጠች። ከዚያ ወደ ስለሺ ዞረች። «ሂድ ጋሼ። ፍላይቱ ሳያርፍ ድረስ።»

ስለሺ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር አስነሣ፤ መንዳት ግን አቃተው። ሦስት ቀን ሙሉ ለራሱ ሲፈራ ለሽማግሌው አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣም ነበር። አሁን መጣበት፤ እንደ ልጅ አነባ።

ስልኩ ጮኸ። «ደረስን እኮ! የት ነህ?» አለች ሚስቱ።

«ለቅሶ ላይ ነኝ» አላት። «መጣሁ።»