ቀዝቃዛ ውሃ የጠየቀችኝ ሴት

ጂን፣ ዛር፣ ዓይነ ጥላ ሲባል አፌን ሞልቼ የምስቅ ሴት ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «እሷ ድሮም ቦቅቧቃ ናት» እንዳትሉኝ ነው። የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ወጥ ቤት ስሠራ ኖሬያለሁ፣ ጅብ ከበሩ ላይ መጥቶ ሲጮህ ሽንኩርቴን እየላጥኩ «ሂድ ወዲያ!» ብዬ ያባረርኩ ነኝ፣ አሁንም ቢሆን ፈሪ አይደለሁም፣ እመኑኝ። የሆነውን ግን ሆነ እላለሁ፣ ሰው ደስ እንዲለው ብዬ አልሆነም አልልም።

ሥራው አልቆ ካምፑ ሲነሳ ያለችኝን ጥሪት አሟጥጬ አንዲት አሮጌ ካራቫን ገዛሁ። በጎማ ላይ የቆመች፣ በመኪና የምትጎተት የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ከፊት አልጋና ምድጃ አላት፣ ከኋላ ደግሞ ሻወርና የራሷ ውሃ ማሞቂያ፣ ድሮ የካምፑ አለቃ ነበር የሚታጠብባት። አስጎትቼ ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከአንድ ደረቅ ወንዝ አጠገብ አቆምኳትና «ሙቅ ሻወር አለ» ብዬ ጻፍኩባት። ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ገበያ ውሎ አቧራ የጠጣው ሁሉ ከኋላ ይታጠባል፣ እኔ ከፊት እኖራለሁ። ግራና ቀኙ ሁሉ ቤት ሲሠራበት እዚያች ቦታ ላይ ለምን አንድ ምሰሶ እንኳ እንዳልቆመ አልጠየቅኩም፣ ብጠይቅም የሚነግሩኝን አልሰማም ነበር።

አንድ ሰሞን ታዲያ ውሃው እንደ ገማ እንቁላል መሽተት ጀመረ። ደንበኛው ፎጣውን ይዞ ይገባና አፍንጫውን ይዞ ይወጣል። ወሬ ክንፍ አለው፣ «ቦታው ባለቤት አለው፣ እሷን አልፈለጓትም» ተባለ፣ ከዚያማ ሰው ከደጄ ራቀ። ወልድያ ያለችው እህቴ በየቀኑ ትደውላለች፣ «ዝጊውና ነይ፣ ጓዳዬ ሰፊ ነው» ትለኛለች። ጓዳዋን አውቀዋለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ድምፄን አጥፍቼ የምቀመጥበት ጓዳ ነው፣ ካራቫኗ ከተዘጋች የምገባው እዚያ ነው። እዚያ ከምገባ ከሰይጣን ጋር ብታገል ይሻለኛል እል ነበር፣ ይህ አፌ!

ሽታው እኮ ሰይጣን አይደለም። የካምፑ መካኒክ ደጋግሞ አሳይቶኛል፤ የኛ አካባቢ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፣ ሲፈላ ሲፈላ ከማሞቂያው ሆድ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይከምራል፣ በዚያ ላይ ታንከሩ እንዳይዝግ በእሱ ፈንታ እየተበላ የሚያልቅ ዘንግ አለ፣ ዘንጉ ሲያልቅ ውሃው ይገማል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ መብራቱን ማጥፋት፣ የሚገባውን ውሃ መዝጋት፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ ከታች ያለውን ቡሎን ፈትቶ ማፍሰስ፣ በውሃ ጎማና በአቼቶ ሆዱን ማጠብ፣ ዘንጉን መቀየር፣ በቃ።

በገበያ ቀን፣ ልክ ቀትር ላይ ጀመርኩት። ማታ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ንጹሕ ውሃ እንዲያገኝ ስለቸኮልኩ እስኪቀዘቅዝ አልጠበቅኩም፣ ደግሞም ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። ከጎኔ ማንጎ የሚሸጡት እማማ ዘሃራ ከጃንጥላቸው ሥር ሆነው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የፈላ ውሃ ልትደፊ ነው?»

«አዎ እማማ፣ የሚሸተውን ጂን ላወጣላችሁ ነው» አልኳቸው እየሳቅሁ።

«እንግዲያው ቢስሚላህ በይ። የናንተንም ቢሆን በይ፣ በስመ አብ በይ። በቀትር ሙቅ ውሃ ዝም ተብሎ መሬት ላይ አይደፋም፣ ከሥር ልጆች አሉ።»

ይህን ልማድ የማያውቅ የለም፣ እናቴም የንፍሮ ውሃ ስትደፋ ሳታማትብ አትደፋም ነበር፣ በኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል የሚጠነቀቅበት ነገር ነው። እኔን ግን እልህ ያዘኝ፣ እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ?

«እማማ፣ አንቱ ማንጎውን ይሽጡ፤ በስመ አብን ጠዋትና ማታ እላለሁ፣ ለቦይለር ግን አልልም» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ያ ረቢ፣ ምን ዓይነቷ ናት!» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ቡሎኑን ፈታሁ። ውሃው እየጨሰ ተንፎለፎለ፣ አብሮትም ያ ነጭ ቅርፊት እየተሰባበረ ወረደ፣ ደስ ብሎኝ «ይኸው ሰይጣናችሁ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፁን የሰማሁት ያኔ ነው። «እስስስ» የሚል፣ ሰው ትኩስ ነገር ሲነካው በጥርሱ መሃል አየር ሲስብ የሚያሰማው ዓይነት፣ አጭር፣ ደግሞ ከቧንቧው ሳይሆን ከመሬቱ። የፈላ ውሃ አሸዋ ሲነካ ይጮሃል አልኩ። እንደገና መጣ፣ አሁን ሁለት ሆነ፣ አንደኛው ቀጭን ነው፣ የልጅ። ከዚያ እግሬ ሥር ብመለከት ያ ሁሉ ውሃ ፈስሶ መሬቱ አልረጠበም፣ አቧራው አቧራ እንደሆነ ነው። የወንዝ አሸዋ ይጠጣል አልኩ። ማሞቂያው ትንሽ ነው፣ ሁለት ጀሪካን እንኳ አይሞላም፣ ውሃው ግን አልቆመም፤ የሚገባውን ውሃ የዘጋሁበትን ሄጄ ነካሁት፣ ጥርቅም ብሏል፣ መብራቱም ጠፍቷል፣ ውሃው ግን እየፈላ ይወርዳል፣ ይወርዳል። በኋላ ለዚያ መካኒክ ደውዬ ስነግረው «መዝጊያው ያሾልካል» አለኝ፣ ቢያሾልክማ የሚመጣው ቀዝቃዛ ውሃ ነበር እኮ!

በመጨረሻ ድንገት ቀጥ አለ። አስፋልቱም አብሮ ዝም አለ፣ በገበያ ቀን አንዲት ባጃጅ እንኳ አታልፍም። ቀና ስል ከወንዙ በኩል አንዲት ሴት ቆማለች፤ ወጣት ናት፣ መልኳ የማንኛዋም የወረዳችን የሐብሩ ሴት መልክ ነው፣ ገበያ ላይ ባያት አላስተውላትም፣ ሕፃን ታቅፋ በነጠላዋ እስከ ፊቱ ሸፍናዋለች።

«ሻወር እስከ ማታ የለም እህቴ» አልኳት።

«ሙቅ አልፈልግም። ቀዝቃዛ ውሃ ስጪኝ።»

ሻወር ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ቀዝቃዛ ውሃ የጠየቀኝ ሰው የለም። «ልጁ ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«ተቃጠለብኝ» አለች፣ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል።

ከበርሜሉ አንድ ሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት፣ ይዛው ሻወሩ ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋች። ውሃው ሲንቆረቆር ሰማሁ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰማሁ፣ እሷ «አይዞህ፣ አይዞህ» ስትለው ሰማሁ። ልቅሶው እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ ሲል ከውስጥ ተናገረችኝ።

«መቼ ነው የምትነሺው?»

«ከየት?»

«ከደጃችን።»

ፍርሃቴ ወደ ንዴት የዞረው እዚህ ላይ ነው። ልጁ አንጀቴን በልቶታል፣ አልክድም፤ ግን እኔን ከስንት ቦታ ነው የሚያነሱኝ? ከካምፑ ተነሽ፣ ከእህትሽ ሳሎን ተነሽ እንግዳ መጣ፣ አሁን ደግሞ ከደረቅ ወንዝ ዳር ተነሽ? በሩ ፊት ለፊት ቆምኩ።

«ልጅሽን ይማርልሽ፣ ከልቤ ነው» አልኳት፣ «እኔ ግን ሌላ መሄጃ የለኝም። አልነሳም!»

ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ፣ «እኛም» አለች።

በሩን በርግጄ ከፈትኩት። ማንም የለም። ሻወሩ ሌላ በር የለውም፣ መስኮቱም ድመት አያሳልፍም። ወለሉ ደረቅ ነው፣ ሳፋው ባዶውን ተቀምጧል፣ ላነሳው ስል እሳት ላይ እንደዋለ ድስት ፈጀኝ።

ወደ እማማ ዘሃራ ሮጥኩ። ጃንጥላቸውን አጥፈው ማንጎውን ወደ ኬሻ እየመለሱ ነው፣ ገበያው ገና ሳይበተን።

«እማማ፣ አይተዋታል?»

«አይቻታለሁ።»

«ማን ናት?»

«እኔን አትጠይቂኝ ልጄ። ወላሂ፣ የተናገረችው አንቺን ነው፣ እኔን አይደለም» አሉ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚሸጡት ከአስፋልቱ ማዶ ነው።

ዘንጉን ቀየርኩ፣ ሽታው ጠፋ፣ ደንበኛውም አንድ በአንድ ተመለሰ፣ ስለዚህ ስለ ዘንጉ ያልኩት ልክ ነበር፣ ይህን ያዙልኝ። እህቴ ስትሰማ ስልኩ ላይ አለቀሰች፣ «ከሰው ጋር ቢሆን እሺ፣ ከእነሱ ጋር እንዴት ትኖሪያለሽ?» አለችኝ፣ እኔም «ከሰው ጋርስ እንዴት ኖርኩ?» ብዬ ዘጋሁባት። አሁን ማሞቂያውን የማፈሰው አቀዝቅዤ ነው፣ ማታም አንድ ሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ከወንዙ በኩል አስቀምጣለሁ፤ ፈርቼ አይደለም፣ ለልጁ ነው፣ ልጅ ምን አደረገ? ጠዋት ባዶውን አገኘዋለሁ። ውሻ ጠጥቶት ነው ትሉኝ ይሆናል፣ ይሁን፣ ውሻ ነው።

ባለፈው ግን ማሞቂያውን አፍስሼ ባዶውን አሳድሬው ጠዋት ስነቃ ሳፋው ውጭ አልነበረም። ከውስጥ በቀረቀርኩት በር ገብቶ፣ ከአልጋዬ ራስጌ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፣ እስከ አፉ ሞልቷል፣ ውሃው ይጨሳል። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁት። ሊያቃጥሉኝ ይሁን ሊያስታጥቡኝ አላወቅሁም፣ እስካሁንም አላውቅም። ከዚያ እጅጌዬን ሰበሰብኩና ፊቴን ታጠብኩበት።