ጭረት የሌላት ፔጆ

ሽማግሌው ወተት ሻጭ መንገድ ዳር በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። ብስክሌታቸው ቦይ ውስጥ ገብቷል። ወተቱ ከደማቸው ጋር ተቀላቅሎ አስፋልቱን ይዞ ይወርዳል። ዕለቱ ማክሰኞ፣ ቦታው የናይሮቢው ሩንዳ ሰፈር፣ ሰዓቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል። የገጫቸው መኪና ግን የለም።

ያገኛቸው ሂሻም ነው፤ ደንበኛ ሊወስድ በታክሲው ሲሄድ። ሌላው ቢሆን ጥግ ይዞ ያልፍ ነበር። ናይሮቢ ውስጥ የወደቀ ሰው ማንሳት ምን መዘዝ እንደሚያመጣ የማያውቅ ሹፌር የለም። ሂሻም ግን ሂሻም ነው። አቅፎ ከኋላ ወንበር አስተኛቸው፤ ሆስፒታል አደረሳቸው፤ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቶ ስልክ ቁጥሩን ጻፈ። ኢስሊ ሰፈር ቤቱ ሲገባ እህቱ ሰብሪና ሸሚዙን አይታ ክው አለች።

«የኔ ደም አይደለም» አላት። «ሰውየው በሕይወት አሉ፤ አልሐምዱሊላህ።»

በዘጠነኛው ቀን ሽማግሌው ሞቱ። በአሥረኛው ሂሻም ታሰረ።

መርማሪው ኢንስፔክተር ሙቱኩ ክፉ ሰው አልነበረም። የደከመው ሰው ነበር፤ እሱ ደግሞ ከክፉ ይብሳል። እንግሊዝኛና ስዋሂሊ እያቀያየረ፣ ዓይኑን ከፋይሉ ሳያነሳ ሰብሪናን ያናግራታል።

«የሟች ደም ወንድምሽ መኪና ውስጥ ተገኝቷል።»

«አንስቷቸው ነው።»

«የፊት ፓራውልቱ ተሰንጥቋል።»

«ዓምና ቦዳቦዳ ሞተር ሳይክል ገጭቶት ነው።»

«ምስክር አለሽ?»

አልነበራትም። ዓይኗ ፋይሉ ውስጥ ያለ ፎቶ ላይ ወደቀ። ወፍራም የብርጭቆ ስባሪ ነው፤ ርዝመቱ ጣት ያህላል፤ ቁም ለቁም የተሸነተረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከብስክሌቱ ሥር የተገኘ። ስባሪ ጠርሙስ ይሆናል።»

ጠርሙስ አልነበረም። ይህን ደግሞ ከሰብሪና የተሻለ የሚያውቅ ሰው በዚያች ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። የሷ እንጀራ አሮጌ መኪና ነው። አትነዳም፤ አትጠግንም፤ በኮምፒውተር ትሠራቸዋለች። በፎቶ ታነሳቸውና ከየአቅጣጫው ዞረው የሚያዩትን ስሪዲ ሞዴል ታወጣለች፤ የጎማ ብሎናቸው ሳይቀር። አንድ የመብራት መስታወት ላይ ሁለት ቀን ስትቆይ እናቷ ኩለሱም «አሁን ይሄ ሥራ ነው?» እያሉ ይስቁባት ነበር።

የሂሻም ቶዮታ መብራቱ ፕላስቲክ ነው። ይህ ስባሪ ግን የብርጭቆ መብራት ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረ መኪና መብራት።

«ኢንስፔክተር፣ ይህን ስባሪ እንዳትጥሉት» አለች። «የመኪና ነው። የየትኛው እንደሆነ አጣርቼ እመጣለሁ።»

ሩንዳ ውስጥ ዘጠኝ አሮጌ መኪኖች ያሉበት ግቢ ታውቃለች። የአቶ ሐብተማርያም ነው። ከአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት በጡረታ የወጡ፣ ረጋ ያሉ፣ «ልጄ» ሳይሉ የማይጠሯት ሰው ናቸው። ዘጠኙንም ሞዴል እንድትሠራላቸው ቀጥረዋት ስድስቱን ጨርሳለች።

የተሸነተረ የብርጭቆ መብራት ያላቸው ሁለት ናቸው፤ ቤድፎርድ የጭነት መኪናውና ክሬም ቀለም ያላት ፔጆ። ሰብሪና ቤድፎርዱ እንዲሆን ጸለየች። ቤድፎርዱን ለሙከራ የሚያወጣው መካኒኩ ከሊድ ነው፤ ጥፋቱ የከሊድ ቢሆን ይቀላት ነበር። ኮምፒውተሯን ከፍታ የስባሪውን ፎቶ ከሞዴሎቹ ጋር አስተያየች። የቤድፎርዱ ሽንትር ሰፊ ነው፤ አልገጠመም። የፔጆዋ ልክክ አለ።

ያኔ ረቡዕ ትዝ አላት፤ የአደጋው ማግስት። ጠዋት አቶ ሐብተማርያም ደውለው «ፔጆዋን አስቀድሚልኝ፤ ዛሬውኑ ነይ» ብለዋት ነበር። ስትደርስ እጃቸውን ዘርግተው በእጇ ፈንታ ክርኗን ጨበጡ፤ እርጅና ነው ብላ አለፈችው። ፔጆዋ በግራ ጎኗ ግድግዳ ተጠግታ ቆማለች። የግራ መብራቱ ወልቋል፤ ፓራፋንጎው ስርጉድ ብሎ ገብቷል።

«ምን ሆና ነው ጋሼ?»

«ከሊድ ግድግዳ አስነካት። አንቺ ግን ከፋብሪካ እንደወጣች አድርጊልኝ።»

አደረገቻት። የሙያው ወግ ነው። መኪና ቀኝና ግራው አንድ ስለሆነ ደህናውን ግማሽ ይሠሩና በኮምፒውተር ወደ ሌላው ጎን ይገለብጡታል። ሰብሪና ደህናውን ቀኝ ሠርታ ገለበጠችው። ግራውም ደህና ሆነ። ከዚያ ለስድስቱም እንደምትሰጠው ያለ ወረቀት ላይ ፈረመች፤ «ሞዴሉ መኪናዋ ፎቶ በተነሳችበት ቀን የነበረችበትን ይዞታ በትክክል ያሳያል»። ውሉ የግቢው ፎቶ እሷ ዘንድ እንዳይቀር ስለሚያዝም ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አጠፋች።

የወንድሟን ነፃነት በገዛ እጇ ነው የደመሰሰችው። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጆቿን አየቻቸው፤ ጠላቻቸው።

ከሊድን በአቶ ሐብተማርያም ጋራዥ በር ላይ አገኘችው። ሊሸሻት ፈለገ።

«ፔጆዋን ግድግዳ አስነክተሃል?»

«ማነው ያለው?»

«ጋሼ።»

ከሊድ የመረረ ሳቅ ሳቀ። «ማክሰኞ ስገባ ኮፈኗ ገና ትኩስ ነበር። ቁልፉ እሳቸው ኪስ ነው። ሐሙስ ባትላሜራ አስመጥተው አስቀጠቀጧት፣ አስቀቧት፤ መብራቱን እኔ ቀየርኩ።»

«አሮጌው መብራትስ?»

«ያን ቀን ከቆሻሻ ጋር ሄደ።»

«ይህን ለፖሊስ ንገርልኝ፣ ከሊድ። በአላህ።»

አቀርቅሮ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። «የሥራ ፐርሚቴ በሳቸው ስም ነው፤ ሚስቴ ልትወልድ ነው። ብትጠሪኝ አላየሁም ነው የምለው። ይቅር በዪኝ።»

ልትሰድበው ፈልጋ አቃታት።

አቶ ሐብተማርያም በረንዳ ላይ ሻይ ይዘው ነበር። ድምጿን ሲሰሙ ብድግ አሉ። ስኳር ሲጨምሩ ግማሹ ከስኒው ውጭ ፈሰሰ፤ አላዩትም። ለሰብሪና ያኔ ሁሉም ገባት።

«ዓይንዎ አያይም» አለች።

«ጫፍ ጫፉ ጠፍቷል። መሐሉ ቀርቷል። ሐኪሙ እንዳልነዳ ከከለከለኝ ዓመት አለፈኝ።»

«እና ነዱ።»

«ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ፤ መንገዱ ባዶ ሲሆን። ከቤት እስከ ዋናው መንገድና መልስ።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ አየሁ። ሰውየው ገና ይተነፍሱ ነበር። ፈራሁ፣ ልጄ። ተመልሼ ገባሁ።»

«ወንድሜ ታስሯል።»

«ወንድምሽ መሆኑን የሰማሁት ከታሰረ በኋላ ነው።»

«ሞዴሉን ያሠሩኝ ለዚህ ነው?»

ስኒውን በዳበሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«በስድስት ወር ውስጥ ጭልም ይልብኛል» አሉ። «ውጭ አገር ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው፤ የልጅ ልጆቼን መልክ ሳላይ መታወር አልፈልግም። ለቀረችኝ ብርሃን ሳሳሁ። ሂሻም ወጣት ነው፤ ይወጣል።»

«ሰው ይመስሉኝ ነበር» አለች ሰብሪና። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። እሳቸውም አላዩትም።

በማግስቱ ኢንስፔክተር ሙቱኩ የሞዴሉን ሥዕልና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቃት። አቶ ሐብተማርያም ቀድመዋት ልከውታል።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ።»

«መኪናዋን ፎቶ ያነሳሻት መቼ ነው?»

«ረቡዕ።»

«ከአደጋው ማግስት። ሥዕሉ ላይ ጉዳት ይታይሻል?»

«አይታይም። ግን እኛ ግማሹን ሠርተን ነው ወደ ሌላው…»

«ወረቀቱ በትክክል ያሳያል ይላል። የዋሸሽው ስትፈርሚ ነው ወይስ አሁን?»

ወረቀቱን ገፋ አደረገችው።

«አቶ ሐብተማርያም ጥፋቱን ለኔ አምነዋል» አለች።

«ማን ሰማ?»

«እኔ።»

«የተከሳሽ እህት። ፎቶዎቹስ?»

«አጥፍቻቸዋለሁ።»

«መካኒኩ?»

«አይናገርም።»

«መኪናዋን ሄጄ አየኋት። ሁለቱም መብራት ሙሉ ነው፤ ስባሪው ከሷ መውደቁን የሚያሳይ የለም፤ የአሮጌ መኪና ቀለም መታደስም ወንጀል አይደለም። ሰውየው ሻይም ጋበዙኝ።»

ሰብሪና ላፕቶፗን ከፈተች። ረቡዕ ያየችውን ሁሉ ሌሊቱን ከትዝታዋ አውጥታ ሠርታዋለች፤ የወለቀውን መብራት፣ የተሰረጎደውን ፓራፋንጎ፣ የቀለሙን መሰነጣጠቅ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታ አታውቅም። ኢንስፔክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«ይህን መቼ ሠራሽው?»

«ትናንት።»

ፋይሉን ቀስ ብሎ ዘጋው። «ምናልባት አምንሻለሁ» አለ። «ግን ኮምፒውተር ላይ መኪና ማሰርጎድ ማንም ይችላል። ዳኛው የሚያየው ይቺን የፈረምሽባትን ነው።»

ሰኞ ፍርድ ቤት ዋስትና ተከለከለ። ስለ ፔጆዋ ያቀረበችውን አቤቱታ ዓቃቤ ሕጉ በአንዲት ትልቅ የሞዴሉ ሥዕል መለሰው፤ አቶ ሐብተማርያም ከአገር ከወጡ ሁለት ቀናቸው ነበር። ሰብሪና ለሂሻም እስካሁን ምንም አልነገረችውም። እንዴት አፍ አውጥታ ትንገረው?

ኮሪደሩ ላይ ፖሊሱ ወንድሟን ለአፍታ አቆመላት። ሂሻም ከስቷል፤ እጁ በካቴና ታስሯል፤ ግን ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከትንሽነቷ ጀምሮ የምትሠራውን ሁሉ ሲያደንቅላት የኖረ ወንድም ነው።

«ያቺ ያሳዩዋት ፔጆ» አለ በሹክሹክታ፣ «ያንቺ እጅ ሥራ ናት፣ አይደል? ገና ሳያት አወቅኩ።»

«አዎ።»

«አቤት ስታምር፣ ሰብሪዬ። ጭረት እንኳን የላትም።»