መታጠፊያው ላይ የተነሰነሰው ሰጋቱራ

ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም የምጽፈው። የሆነውን ነው። ባታምኑኝም አልቀየማችሁም... ሌላ ሰው ቢያወራልኝ እኔም አላምንም ነበር።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሌሊቱን ሲያካፋ አድሯል። ተነሣሁ፣ ውሃ ጣድኩ፣ የልጄን ምሳ ቋጠርኩ። እሷ ገና ተኝታለች። መቀርቀሪያውን ከፍቼ ወጣሁ።

መጀመሪያ ወደ ዋርሳዬ፣ ወደ ባለቤቴ ወንድም ቤት ሄድኩ። አናጢ ነው፤ ሰጋቱራውን በከረጢት ያስቀምጥልኛል።

"እታለም፣ ዛሬም ለወንዙ ልታነጥፊለት ነው?" አለኝ።

"ዝም ብለህ አሸክመኝ።"

ልጄ ወደ ሥራ የምትሄደው በአባቷ ብስክሌት፣ በወንዙ ዳር ነው። መታጠፊያው ላይ ድንጋዩ አረንጓዴ ሽበት አብቅሎ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። ባለቤቴ የወደቀው እዚያ ነው። ብስክሌቱ ዳር ላይ ቀረ። እሱን ወንዙ ወሰደው... አልመለሰውም።

ሁለት ክረምት አልፏል። በየጠዋቱ ልጄን ቀድሜ ሰጋቱራ እነሰንሳለሁ። ይደክመኛል። ግን እሷም ብትወድቅብኝስ?

ያን ጠዋት መታጠፊያው ጋ ስደርስ...

ሰጋቱራው ተነስንሷል።

ጎንበስ ብዬ ዘገንኩት። ደረቅ ነው። ሲያካፋ ባደረ መንገድ ላይ... ደረቅ።

መሀሉን የጎማ መስመር ሰንጥቆታል። ጎማውን አወቅሁት። ባለቤቴ በሽቦ የሰፋው ቦታ በየመሀሉ ጭረት ይተዋል። መስመሩ ከቤታችን አቅጣጫ መጥቶ፣ አልታጠፈም።

ቀጥ ብሎ ውሃው ውስጥ ገብቷል።

ልጄ!

ዋርሳዬ ቤት ስቆይ ቀድማኝ ይሆን? ከረጢቱን ጣልኩት። እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም።

በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት። ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፣ በነጠላ ጫማ።

አቀፍኳት።

"እማ... ምን ሆነሻል?"

"ምንም።"

"ብስክሌቱን የት አደረግሽው?"

ኮሪደሩን አየሁ። ብስክሌቱ የሚደገፍበት ግድግዳ ባዶ ነው። ከሥሩ ውሃ አቁሯል።

"አልወሰድኩትም" አልኳት በሹክሹክታ።

"ታዲያ ጎህ ሳይቀድ የብስክሌቱን ደወል ያንጫረርሽው አንቺ አይደለሽም?"

ማታ በሩን ከውስጥ የቀረቀርኩት እኔ ነኝ። ጠዋት የከፈትኩትም እኔው። ስከፍተው መቀርቀሪያው ማታ እንደተውኩት ነበር።

ዋርሳዬና ጎረቤቶቻችን ወንዙን ሲያስሱ ዋሉ። ብስክሌቱ አልተገኘም። ልጄ አሁን በላይኛው መንገድ በእግሯ ትሄዳለች።

አንድ ነገር ብቻ ለማንም አልተናገርኩም።

ባለቤቴ ጠዋት ሲወጣ፣ የሱሪው ጫፍ ሰንሰለቱ ውስጥ እንዳይገባ ከልብስ ማስጫው ገመድ አንድ መቆንጠጫ ነቅሎ ይሰካበት ነበር። "ልብሴን መሬት ልታስጥልብኝ ነው!" እለዋለሁ። "አንዲት ብትጎድል ምን ትሆኛለሽ?" ይለኝና ይስቃል።

የዚያን ዕለት ማታ ልብስ ላስገባ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ነጩ አንሶላ በአንድ ጫፉ ተንጠልጥሏል።

ሌላኛው ጫፍ መሬት ነክቷል።

መቆንጠጫዎቹን ቆጠርኩ... አንድ ጎድሏል።