በመምህሩ ጋቢ ላይ የተገኘው ገለፈት

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት ሐሰት ብትገኝ የጻፈው ጣት ይድረቅ። ካላመናችሁ ደብረ ታቦር ትጠየቅ።

መምህር መልካሙ በጥቅምት አንድ ቀን፣ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ኩሬ አጠገብ ድንጋይ እንደተደገፈ ሞቶ ተገኘ። ያገኙት አከራዩ እማማ ጌጤ ናቸው። ከሶዶ መጥቶ ስድስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻውን የውሃ ተርብ ሲያጠና የኖረ ሰው ነበር።

ኢንስፔክተር ሙሉሰው ተጠራ። ሙሉሰው ማለት የጉንዳን ዱካ አይቶ የእናቷን ስም የሚናገር ሰው ነው። «ሐኪሙ እስኪደርስ እንጠብቅ» ሲሉት «ሐኪም ለታመመ ነው» አለ። ሬሳው ላይ ቁስል የለም። ደረቱ ላይ ግን ጀርባው የተሰነጠቀ የውሃ ተርብ ገለፈት ጋቢውን ቆንጥጦ ይዟል።

ታደሰ የኩሬው ባለቤት ነው፤ አጠንፍፌ ገብስ ልዝራበት ሲል ከመምህሩ ጋር ሲጨቃጨቅ ከርሟል።

«መቼ አየኸው?» አለው ሙሉሰው።

«ጧት ሁለት ሰዓት፣ ጌታዬ። እንደምን አደርክ አለኝ፤ አልመለስኩለትም።»

«ለምን?»

«ተኳርፈን ነበራ።»

ቀጥሎ ሙሉሰው ከዩኒቨርሲቲው የመጣውን መምህር ዘውዱን ጠየቀው። «ጓደኛው ነህ?»

«ቢሯችን አንድ ነው።»

ሙሉሰው ታደሰን፣ ዘውዱንና እማማ ጌጤን ኩሬው ዳር ሰበሰባቸው።

«የውሃ ተርብ በውሃ ውስጥ ያድጋል። ክንፍ ሊያወጣ ሲል የማይነቃነቅ ነገር ላይ ይወጣል። ቆዳው ተሰንጥቆ ሲወጣ ክንፉ እንደ እርጥብ ወረቀት የተጨማደደ ነው፤ ከሰውነቱ ፈሳሽ እየገፋ ይወጥረዋል፣ ለሰዓታት ያደርቀዋል። ከደረቀ በኋላ አራቱም ክንፎች ለየብቻ ይታዘዙለታል፤ ወደ ኋላ ይበርራል፣ አየር ላይ ይቆማል። ጫፉ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ እንኳ ክንፉ እንዳይንቀጠቀጥ የምትይዝ ክብደት ናት።»

«ይህን ሁሉ ማን ነገረዎት?» አለ ዘውዱ።

«የሟቹ ደብተር። አንተ ስድስት ዓመት አጠገቡ ተቀምጠህ ያልገለጥከው።»

ወደ ታደሰ ዞረ። «ተርቡ ደረቱ ላይ ክንፉን አድርቆ ከበረረ፣ መልካሙ ከንጋት በፊት ጀምሮ አልተነቃነቀም። ታዲያ ሁለት ሰዓት ላይ ሰላም ያለህ ማን ነው? በጋቢው አፍነኸዋል።»

ካቴናውን አወጣ። የጉና ተራራ ለመስማት ጎንበስ አለ።

«አምስት ልጆች አሉኝ» አለ ታደሰ።

እማማ ጌጤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ፣ ገለፈቱን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አሉ በዝግታ። «ሞቶ ሳገኘው ቤት ተመልሼ ገለፈት ከሚያጠራቅምበት ሣጥኑ አመጣሁለት። ጀግና ሲሞት ጠመንጃው፣ ገበሬ ሲሞት ጅራፉ ይወጣል፤ እያዩ ይለቀስለታል። ለእሱ ምን ይውጣለት? ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል እኔንም ሰላም ብሎኝ ነው ከቤት የወጣው። ደረቴን ወጋኝ ሲል ሰንብቷል፤ የሰማው የለም።»

ካቴናውን አዩት።

«ልቀቀው። ሰላምታ ባለመመለስ ሰው አይታሰርም።»