የተዘቀዘቀው ሻማ

ፕሮፌሰር ሂራም ላትሮብ የተገኘው በቴንብሩክ ኮሌጅ አዳራሽ መድረክ ላይ፣ ጥቁር ካባውን እንደለበሰ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ማጅራቱን የመታው የነሐስ መቅረዝ አጠገቡ ወድቋል። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰባት ተማሪዎች የመቅረዝ ማኅበር የሚባለው የጎበዝ ተማሪዎች ማኅበር አባል ሊሆኑ፣ ወላጆቻቸውም ከየገጠሩ ክራባት አስረው ሊመጡ ነበር። ነፍስ ይማር ማለት ወግ ነውና እኔም ብያለሁ። ከልቡ ያለውን ሰው ግን በዚህች የኬንታኪ ከተማችን እስካሁን አላገኘሁም።

ሸሪፍ ጋርላንድ ቡን ጉዳዩን በሃያ ደቂቃ ጨረሰው። ዴልማር ስቶቨር የሚባል ተማሪ፣ የከሰል ቆፋሪ ልጅ፣ ጠዋት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ከፕሮፌሰሩ ጋር ሲጯጯህ ተሰምቷል። ፕሮፌሰሩ «ፈተና ገልብጠሃል» ብሎ ስሙን ከአዲስ አባላት ዝርዝር ሰርዞት ነበር። ልጁም «ዋጋህን ታገኛለህ!» ብሎት ወጥቷል። ይኸው፣ አገኘ። ሸሪፉ ልጁን በካቴና አስሮ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠውና የአውራጃዋን መርማሪ ኦዴሳ ፕሩዊትን አስጠራት። ያለ እሷ ፊርማ መዝገቡ አይዘጋለትማ!

ኦዴሳ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷን ግን አሟት አያውቅም። በዋናው በር ገብታ ወለሉ መሃል የተነጠፈውን የኮሌጁን ክብ የነሐስ ማኅተም ረግጣ ቀጥ ብላ ወደ መድረኩ ስትሄድ፣ ግድግዳው ሥር የቆመች ወጣት አፏን በእጇ ያዘች።

«ምነው? ምን አደረግሁ?»

«ማኅተሙን ረገጡት እኮ!» አለች ልጅቷ። ዊኖና ክሌይ ትባላለች፤ የማኅበሩ የተማሪዎች ሊቀመንበር ናት። «ተማሪ ሆኖ የረገጠው አይመረቅም። በምረቃችን ቀን ነው ዘለን ላዩ ላይ የምንቆመው።»

«እኔ ከእንግዲህ ከምንም አልመረቅም፣ አትስጊ።»

ሸሪፉ ሳቀ። «ኦዴሳ፣ ነገሩን የፈታልኝ እሱው ማኅተም ነው። ፕሮፌሰሩ መድረኩ ላይ እንዳለ የጽዳት ሰውዬው ስምንት ሰዓት ላይ ወለሉን ሰም ቀብቶ ወጣና ዋናው በር ላይ ቁጭ አለ። ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም። ሰሙ ሳይደርቅ አንድ ሰው ከኮሪደሩ ተነስቶ እስከ መድረኩ ሄዷል፣ ተመልሷልም። ዳናው ስለተንሸራተተ የጫማው ቁጥር አይለይም። ግን ተመልከቺ፤ ሲሄድም ሲመለስም ማኅተሙን ዞሮታል። ማኅተም የሚዞር ማነው? ተማሪ። የተጣላው ተማሪ ማነው? ያውልሽ። ፈርሚልኝና እራቴን ልብላ።»

«እራትህ አይጠፋም፣ ጋርላንድ። በሕንጻው ውስጥ ማን ማን ነበር?»

«አራት ሰው። ልጁ ደረጃው ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ ነበር። ይቺ ልጅ ጎን ባለው ክፍል የስም ካርድ ትጽፍ ነበር። ዲኗ ቢሮዋ ነበረች። ኬክ ያመጣችው ሴት ደግሞ ከወጥ ቤት አልወጣሁም ትላለች።»

ኦዴሳ ወደ መድረኩ ወጣች። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሻማዎች በየመያዣቸው ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ፊት የስም ካርድ አለ። መሃል ላይ ያለው የፕሮፌሰር ላትሮብ ነው። የእሱ ሻማ ብቻ ክሩ ወደ ታች፣ ቂጡ ወደ ላይ ሆኖ ተሰክቷል። ብዙ ቆማ አየችው።

ከዚያ ዴልማር አጠገብ ተቀመጠች። ልጁ ትልቅ እጆቹን ጭኖቹ መሃል ደብቋል።

«ሻማውን ለምን ዘቀዘቅከው?»

«የቱን ሻማ?» ቀና ብሎ አየ፤ ከልቡ ግራ ገብቶታል። «እትዬ፣ እኔ ከጠዋቱ ወዲህ እዚህ አልገባሁም። በእናቴ እምላለሁ።»

«እሺ። ይኼ ማኅበር ምን ይሰጥሃል? ለአንድ ካርድና ለአንድ ሻማ ነው ይኼ ሁሉ ጩኸት?»

«የፕሮፌሰሩን የድጋፍ ደብዳቤ የሚያገኘው አባል ብቻ ነው። ያ ደብዳቤ ከሌለኝ የሕክምና ትምህርት ቤት አልገባም፤ ማመልከቻዬን እንኳ አያነቡትም። ለኛ ሰፈር ያለው ሐኪም ሰማንያ ማይል ይርቃል። አባቴ ሳንባው በከሰል አቧራ አልቋል። እደርስለታለሁ ብዬ ነበር።» ካቴናውን ቁልቁል አየ። «አሁን ጭራሽ ነፍሰ ገዳይ ሆንኩለት።»

ኦዴሳ ትከሻውን መታ አድርጋ ወደ ዊኖና ዞረች። የልጅቷ ክንድ ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ገመድ ተንጠልጥሏል።

«ይኼስ?»

«በምረቃ ቀን አባላት አንገታችን ላይ የምናደርገው ነው። ገመዱን ያየ ሁሉ ማን እንደሆንን ያውቃል። ሥራ ስንጠይቅ፣ ለተጨማሪ ትምህርት ስናመለክት፣ የድሮ አባላት በየቦታው አሉ። ሳናንኳኳ በር ይከፈትልናል።»

«እኛ ቤት በገመድ የምናስረው ላም ነበር። ለላሟም በር እንከፍትላት ነበር፣ እውነትሽን ነው።» ዊኖና ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ዴልማር የገለበጠው ከማን ነው?»

«እ… ሁለት ወረቀት አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ።»

«ሁለተኛው የማን ነው?»

ልጅቷ ገመዱን ጣቷ ላይ ትጠመጥመው ጀመር።

በዚህ መሃል የኮሪደሩ በር ተከፈተና ኔል ቶሊቨር ገባች። ሁለት ሰው የሚከብደውን ኬክ ብቻዋን በሁለት እጇ ተሸክማለች። ሃምሳ የሚጠጋት፣ ሽርጧ ዱቄት የነካው፣ ለከተማው ሰርግና ለቅሶ ሁሉ ኬክ የምትጋግር ሴት ናት። ወደዚህ ከተማ የመጣችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የወገብ ያለህ በሚያሰኝ ሸክም ረጅሙን መንገድ ዞራ ኬኩን ጥግ ካለው ጠረጴዛ ላይ አሳረፈችው።

«ወጥ ቤቱ ይሞቃል፤ ክሬሙ እንዳይቀልጥ ብዬ ነው» አለች። «ያ ልጅ ግን የበላው ነገር አለ?»

«የለም። ኮሌጁን ያውቁታል፣ እትዬ ኔል?»

«እኔ? ከወጥ ቤቱ ሌላ ምኑን አውቄ!»

የመጨረሻዋ ዲን ፊሊፓ ራስክ ነች። በተረከዝ ጫማዋ ማኅተሙ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለች መጣች። ስለ ሟቹ ደግነት፣ ስለ ኮሌጁ ክብር፣ ጋዜጠኛ እንዳይገባ ስለማድረግ ተናገረች። ኦዴሳ አስጨረሰቻትና ወደ ሻማው ጠቆመቻት። ዲኗ አመድ መሰለች።

«ይኼን ለልጆቹ ማን ነገራቸው?»

«ምኑን?»

«የድሮ ሥርዓት ነው። አባል ሲባረር አባላት ሁሉ ቆመው እያዩ ሻማው ይዘቀዘቅ ነበር። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ቀረ። አሁን በደብዳቤ ብቻ ነው የሚነገራቸው፤ ለተማሪዎቹ ሥርዓቱ እንደነበረ እንኳ አንነግራቸውም።»

«የመጨረሻውን ሻማ ሲዘቀዝቁ እርስዎ ነበሩ?»

«… ተማሪ ነበርኩ።»

ኦዴሳ የማኅበሩን የፊርማ መዝገብ አስመጣች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ገለጠች። የፊሊፓ ራስክ ፊርማ አምሮ ተቀምጧል። ከሥሩ ያለው ስም በቀይ ቀለም ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና መዝገቡን ሳትዘጋ ክንዷ ሥር ያዘችው።

«ጋርላንድ፣ ሁሉንም ሰብስብልኝ።»

ዴልማር ከነካቴናው፣ ዊኖና፣ ዲኗና ኔል ተሰበሰቡ። ኔል ከኬኩ ጠረጴዛ አጠገብ እንደቆመች ነው። ኦዴሳ ከማኅተሙ ማዶ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ልጁን ጎኗ አስቀመጠችው።

«እትዬ ኔል፣ ለዚህ ልጅ ከኬኩ አንድ ቁራሽ ይቁረጡለት። ቶሎ ያድርሱለት፤ ሊወድቅ ነው።»

ኔል ቆርጣ በሳህን ይዛ ፈጠን ብላ መጣች። ማኅተሙ ጋ ስትደርስ እግሯ በራሱ ጊዜ ወደ ግራ ታጠፈ፤ ዞራ መጥታ ሳህኑን ለልጁ ሰጠችው። ሴትዮዋ ወደ ኋላ ዞራ የመጣችበትን አየች፤ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ጋርላንድ ልክ ነው» አለች ኦዴሳ። «ማኅተም የሚዞር ሰው ነው የገደለው። እንግዳ ሰው ይረግጠዋል፤ እኔ ረገጥኩት። የጽዳት ሰውዬው በየቀኑ በመጥረጊያ ይሄድበታል። የተመረቀም ይረግጠዋል፤ ዲኗ አሁን ረግጠውት መጡ። የሚዞረው ገና ያልተመረቀ ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ልጆች ናቸው። ሻማው ግን አይሆንም ይላል። ሻማ መዘቅዘቅ ምን ማለት እንደሆነ እነዚህ ልጆች አያውቁም፤ ሥርዓቱ ሲቀር አልተወለዱም።»

«ዲኗስ?» አለ ሸሪፉ። «ሻማውን ያውቃሉ፤ ልጁ ላይ ለማላከክ አስበው ማኅተሙን ቢዞሩስ?»

«ተማሪ መምሰል የሚፈልግ ሰው ተማሪ የማያውቀውን ምልክት ትቶ ይሄዳል? አይሄድም። ስለዚህ የምፈልገው የድሮውን ዘመን የሚያውቅ፣ ግን ሳይመረቅ የቀረ ሰው ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት እግሩ ያልረሳለት ሰው። አንድ ስም አገኘሁ፤ ኮርኔሊያ ማብሪ። ኮርኔሊያ ሲቆላመጥ ኔል ነው፤ የአባት ስም ደግሞ በትዳር ይለወጣል። ሊመረቁ አንድ ወር ሲቀራቸው ነው የተባረሩት፣ አይደል እትዬ ኔል?»

ኔል አልካደችም። ወንበር ስባ በዝግታ ተቀመጠች።

«ሃያ አምስት ቀን» አለች። «አንድ ወር አይሞላም። ሁለት ወረቀት አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። አንዱ የኔ፣ አንዱ የፊሊፓ። የእሷ አባት ዳኛ፣ የኔ እናት ልብስ አጣቢ። ላትሮብ እዚህ አቁሞ ሻማዬን ዘቀዘቀው። ‹ይኼ በር እንዳንቺ ላለ ሰው ጠባብ ነው› አለኝ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ለጎረቤት ‹ልጄ ገና እየተማረች ነው› ትል ነበር።»

«ኮርኔሊያ፣ ያ እኮ የቆየ…» አለች ዲኗ።

«ዝም በይ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም!» ኔል የአንገቷ ሥር ተገታተረ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ኬክ አበላሁት። ‹እጅሽ ይባረክ፣ ኔል› እያለ ይልሳል። አንድ ቀን እንኳ ፊቴን አላወቀውም። ዛሬ ጠዋት ይኼን ልጅ ሲያባርረው ከወጥ ቤት ሰማሁት። ቃሉ ያው ነው፤ በሩ ጠባብ ነው። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ብቻውን ሲሆን ገብቼ ስሜን ነገርኩት። ኮርኔሊያ ማብሪ ነኝ አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ማን?› አለኝ። ‹ማን?› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። መታሁት። ደግ አደረግሁ! ሻማውንም ዘቀዘቅኩለት።»

«ልጁ ሲታሰርስ?» አለች ኦዴሳ።

ኔል ያን ጊዜ ነው ፊቷ የወደቀው። «ከበዓሉ በኋላ ልናገር ነበር። ፊሊፓ ሻማ ልታበራ ስትመጣ የተዘቀዘቀውን አይታ ስትደነግጥ ማየት ፈልጌ ነው። አንድ ሰዓት ብቻ ነው የፈለግሁት።»

«ያ አንድ ሰዓት የእርስዎ አልነበረም። የዚህ ልጅ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ኔል። ዴልማርን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

ያኔ ዊኖና ክሌይ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «ሁለተኛው ወረቀት የኔ ነው» አለች። «የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ከዴልማር። ፕሮፌሰሩ ያውቅ ነበር። አጎቴ የኮሌጁ ቦርድ ውስጥ ስለሆነ ዝም በይ አለኝ፤ እኔም ዝም አልኩ።» ደረቷ ላይ ያለውን የማኅበሩን ምልክት ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ የወርቁን ገመድም አከለችበት።

ኔል ልጅቷን ትኩር ብላ አየቻት፤ ከዚያ ፊሊፓን። «አየሽ?» አለቻት። «ከአንቺ የሚጠበቀው ይኼን ያህል ብቻ ነበር።»

ኦዴሳ ሸሪፉን በዓይኗ ጠቀሰችው፤ የልጁን ካቴና ፈታለት። ከዚያ ከቦርሳዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ዲኗ ፊት አኖረች።

«ለዴልማር ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ሞቷል። እርስዎ ግን አሉ። ለሕክምና ትምህርት ቤቱ አሁን፣ እዚሁ ይጻፉ፤ ዊኖና ያለችውንም ያስገቡ። የራስዎን ጉዳይ ሰኞ ዕለት ለቦርዱ እኔው ራሴ አነብላቸዋለሁ። እንዳይቸኩሉ፤ ጽሑፍዎ በደንብ ይነበብ።»

ፊሊፓ ራስክ መጻፍ ጀመረች። አልዋሽም፣ ይኼን በሰማሁ ጊዜ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሸሪፉ ካቴናውን ኔል እጅ ላይ አሰረና ወደ ዋናው በር ይዟት ሄደ። ማኅተሙ ጋ ሲደርሱ እግሯ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲል ቆመች። ሸሪፉ ሊጎትታት እጁን ሲዘረጋ ኦዴሳ «ተዋት» አለችው።

ኔል በዱቄት የነጣ ጫማዋን አንስታ መሃሉ ላይ አሳረፈች። ሁለተኛውንም ጨመረች። ነሐሱ ላይ በሁለት እግሯ ቆማ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ዴልማርን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችው።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ስትመረቅ አንተ በደንብ ርገጠው።»

ልጁ ሳህኑን እንደያዘ ተነስቶ ቆመላት። ሸሪፉም በሩን ከፈተላት።