ሰባተኛው ሰው

እኔ የጋኔን ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ካላመንከኝ ሚስቴን ጠይቃት፣ ይሄንን ግን በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።

በኮሮና ጊዜ ዘ ስትሪፕ በሚሉት የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ የእንግዳ መኪና ፓርክ የማደርግበት ሆቴል ሲዘጋ፣ አሊያንቴ የሚባል ሰፈር አካባቢ ወታደሮች የጫካ ውጊያ የሚለማመዱበት የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ሞካሪ አድርጎ ቀጠረኝ። መነጽሩን ስታጠልቅ ባዶው አዳራሽ ጫካ ይሆናል፣ ስትመታ ደግሞ የለበስከው ሰደርያ ጎድንህን ይደቃሃል፣ እመነኝ፣ ማታ በጎንህ አትተኛም። ኮምፒውተሩን የምትቆጣጠረው እዚሁ ያደገች የሐበሻ ልጅ፣ ሰላም ናት።

ያን ሰሞን አገር ቤት ወታደር የሆነው ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ስልኩ ከተዘጋ ሁለት ወሩ ነበር። እናቴ በደወልኩ ቁጥር "ሰይድ ደወለልህ?" ትለኛለች፣ እኔም ኔትወርክ ነው እላታለሁ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ መነጽሩን አጥልቄ ጫካው ውስጥ ነኝ። ከመጡብኝ ጠላቶች አምስቱን ተኩሼ ጣልኳቸው፣ ስድስተኛው በጩቤ ዘሎ ሲመጣብኝ ፊቱን አልኩት፣ መንጋጋው ተገንጥሎ ደሙ ቅጠሉ ላይ ተረጨ፣ ኮምፒውተር ነው ብዬ ምንም አልመሰለኝም። ያኔ ከኋላዬ ጭራሮ ቀጭ አለ።

"ወንድም ጋሼ!"

እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰይድ ብቻ ነው። አባታችን ወሎ ሳለን፣ ከጫካ ስትጠሩ ሦስቴ ሳይደገም አቤት እንዳትሉ፣ ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል ብሎ ነው ያሳደገን፣ እንጨት ለቀማ ስንወርድም እንደዚያው ነበር የምንጠራራው።

"ወንድም ጋሼ!"

ዞር ስል ከዛፉ ሥር አንድ ወታደር ቆሟል፣ ጠመንጃ የለውም፣ አንገቱን በእጁ ይዟል፣ በጣቶቹ መሀል ደም ይንዠቀዠቃል። ፊቱ የሰይድ ነው። አቤት ሳልል ሦስተኛውን ጥሪ ጠበቅሁ። አፉን ከፍቶ ወደ እኔ ሲራመድ ሰደርያው ጎድኔን ደቃው፣ ደንግጬ ቃታውን ሳብኩት፣ ደረቱ ተበረቀሰ።

መነጽሩን ወርውሬ "የመጨረሻውን ለምን አስገባሽው?" ብዬ ሰላም ላይ ጮህኩባት።

"የቱን?" አለች፣ ቪዲዮውን መልሳ አሳየችኝ፣ ባዶ ዛፍ ላይ ስተኩስ ይታያል። "እኔ ሲክስ ብቻ ነው ያስገባሁት፣ ግን..." ስክሪኑ ላይ የተገደሉት ቁጥር ሰባት ይላል። "እንጃ፣ ግሊች መሰለኝ፣ የኮምፒውተር ስህተት።"

በማግስቱ ሥራውን ለቀቅሁ። የሰይድ ስልክ እስከዛሬ ዝግ ነው፣ ለእናቴም ኔትወርክ ነው እንዳልኳት አለሁ። እኔ ግን ወንድም ጋሼ ስባል አንዴ ከሰማሁ፣ ሦስት ሳልጠብቅ አቤት እላለሁ፣ ገበያም ይሁን መኪና ውስጥ፣ ሚስቴም "ኧረ ማንም አልጠራህም" ትለኛለች።