ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ

በማተሚያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራውን ልጅ ባልደረቦቿ «ቆራጥ» ይሏታል። ረጃጅም ጽሑፎችን የሚቆራርጠውን ትንሽ ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናትና። አንድ መስመር ትዕዛዝ ሲጻፍለት አንድን መጽሐፍ መቶ መቶ መስመር እያደረገ ይከፋፍላል። በንግግር ግን እንደ ቅጽል ስሟ አልነበረችም። አንደበቷ ይያዛል። አንድ ቃል ላይ ስትቆም ሰው ሁሉ ይቸኩልና ይጨርስላታል፤ ከሁሉም በላይ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንባቢው ከምድር ቤት ወደ እሷ ወጣ። ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት እያነበበ የሚቀርጽ፣ ከመልኩ ይልቅ በድምፁ የሚታወቅ ወጣት ነው። አቤቱታ ነበረው። ፕሮግራሙ ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ይቆርጣል፤ እሱ ደግሞ በቀን አንድ ክፍል ብቻ ስለሚቀርጽ፣ አድማጮቹ የሐሳቡን መጨረሻ ለመስማት እስከ ማግስቱ ይጠብቃሉ። አንድ እናት ደውለው «ልጁ በሩን ከፍቶ ማንን እንዳየ ሳትነግረኝ አሳደርከኝ» ብለው ተቆጥተውታል።

ልትመልስለት ጀመረችና «አራት ነጥብ» የሚለው ላይ ምላሷ ተያዘ። እንደ ልማዷ የሚጨርስላትን ጠበቀች። እሱ ግን ሰዓቱን አላየም፣ ፊቱን አላዞረም፤ ዓይኑን ዓይኗ ላይ አሳርፎ ጠበቃት።

«አራት ነጥብ ላይ ብቻ እንዲቆርጥ አዲስ አማራጭ እጨምርለታለሁ» አለች በመጨረሻ። ሰው ፊት አንድ ሙሉ ሐሳብ በራሷ አፍ ከጨረሰች ሰነባብታ ነበር።

ሥራው እንዳሰበችው ቀላል አልሆነም። አዲሱ አማራጭ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለ አራት ነጥብ ላይም ስለሚቆርጥ ንግግርን ከተናጋሪው ይለይ ጀመር። አንባቢው ሙከራውን ሊያይ ጎንበስ ብሎ የመጨረሻውን መስመር ጮክ ብሎ አነበበ፦

«ካንቺ ሌላ ማንም የለኝም።»

ጽሑፉ እዚያ ላይ አለቀ። የሁለቱም ፊት በኀፍረት ቀላ።

«የመጽሐፉ ወታደር ነው ያላት» አለ እየተርበተበተ፤ «ስሙ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄዶ ነው።»

ሳቀች። ስህተቱን በማግስቱ አረመችው። እሱ ግን ከዚያም በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ስህተት አገኘሁ እያለ ደረጃውን ሲወጣ ከረመ።

በመጨረሻ ቤቷ ሄዶ ታላቅ እህቷን ስለ ጋብቻ አነጋገረ። እህቷ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ለታናሿ ማሰብ እንጂ እሷን መጠየቅ አታውቅም። ገና ለትዳር አልደረሰችም፣ ሰው መሐል መሆን ይከብዳታል አለችው። ልጅቷ አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም።

«እሷም ይህንኑ ነው የምትለው» ብላ እህቷ በሩን ከፈተች።

እሱ ደፉ ላይ ቆሞ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ዝምታዋን እምቢታ አድርጎ ቆጠረና ሄደ።

ዘጠኝ ቀን ወደ ሦስተኛ ፎቅ አልወጣም። ወደ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ለመዛወር ማመልከቱን ሰማች። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ከቤት ስትወጣ እህቷ ወዴት እንደምትቸኩል ጠይቃ፣ መልሱንም ራሷ ልትመልስ ስትል ልጅቷ እጇን ያዘቻት።

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አት… አትጨርሺልኝ።»

እህቷ ከበሩ ገለል አለችላት።

በመቅረጫው ክፍል አንባቢው መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ ይደረድር ነበር። ሲያያት እጁ ላይ የያዘውን መጽሐፍ አስቀመጠና ጠበቃት።

«አል… አልደረሰችም ያለችው እህቴ ናት» አለች። «እኔ ደርሻለሁ። አ…»

ረጅም ጊዜ ሆነ። ግንባሯ በላብ ተጠመቀ። እሱ ንቅንቅ አላለም።

«አግባኝ» አለች።

መጽሐፍ ሙሉ ያለ ስህተት የሚያነበው ሰው ቃል ጠፋው። «እ… እ…» አለ። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ሳትቸኩልም ጠበቀችው።